ጥርስ የሚረግፈው በዕድሜ አይደለም

ሮቤም ይሁን ጎባ፣ ጥርሱ የተነቃነቀ አዋቂ ሰው ጭንቀቱን ሲያዋይ የሚሰማው መልስ ከሁለት አያልፍም፤ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ወይም «አስነቅለህ ተገላገል»። ሁለቱም ብዙ ሰው ያለ ጊዜው ጥርስ አልባ አድርገዋል። የመጀመሪያው በሽታውን ከበሽታ አይቆጥረውም፤ ሁለተኛው ደግሞ በሽተኛው ጥርሱ ራሱ ይመስለዋል።

ብዙውን ጊዜ የታመመው ጥርሱን አቅፎ የያዘው ድድና አጥንት ነው። ጥርስ ላይ በየቀኑ የሚጋገረው ስስ ሽፋን ባክቴሪያ የሞላበት ነው፤ በወቅቱ ካልተፋቀ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን ይጠጥራል። ምላስዎን ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ያስኪዱት። የሚሻክር ነገር ከነካዎት እሱ ነው፤ የምራቅ መውጫ እዚያው ከምላስ ሥር ስለሆነ ጠጠሩ በዚያ በኩል ይበረታል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ችላ ሲባል በብዙዎች ላይ ሥሩን የያዘው አጥንት እየተመናመነ ይሄዳል። ይህ ሁሉ እምብዛም ስለማያም፣ በገብስ አገር የሚኖር ሰው ነገሩን የሚያውቀው ቆሎ መቆርጠም አቅቶት ጭኮ ብቻ ሲቀረው ነው።

ዕድሜ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ላይ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ዳነ። እነዚያ ሰዎች በሦስት ሳምንት አላረጁም። በስሪላንካ ደግሞ ጥርስ የማጽዳት ልማድ ያልነበራቸው 480 የሻይ እርሻ ሠራተኞች ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ15 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ስምንት ከመቶ ያህሉ በሽታው ፈጥኖባቸው፣ 45 ዓመት ሲሞላቸው አብዛኛው ጥርሳቸው ረግፎ ነበር። በሌሎቹ ላይ በዝግታ ተጓዘ፤ 11 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ከድድ አላለፈም። ዓመቱ ለሁሉም እኩል ነጉዷል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ ነው። ወሬው ከየት እንደሚነሳ ይገባኛል። ጠጠሩ ለዓመታት ጥርስና ጥርሱን አጣብቆ ይይዛል፤ ሐኪሙ ሲያነሳው ያበጠው ድድ ይሟሽሻል፣ ክፍተቱ ይገለጣል፣ ጥርሱም ለጥቂት ቀን የላላ ይመስላል። አጥንቱ ግን ከመታጠቡ በፊት ያለቀ ነው። ካጸዱት በኋላ ድዱ ጥርሱን መልሶ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ መነቃነቁ ይቀንሳል። ይህን ቀድሞ የሚያስረዳው ያላገኘ ታካሚ ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ጎረቤቱንም ያስፈራል።

«ድዴ ስለደማ መፋቅ ተውኩ» የሚሉም አሉ። መድማቱ ቆሻሻው እዚያ እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው፤ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ በዝግታ፣ ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን መስመር ሳይዘሉ መቀጠል ይገባል። የወይራ መፋቂያውንም የሚንቁ ተሳስተዋል። ጉድለቱ የፊት ለፊቱን እያሳመርን የውስጡን ገጽና የጥርሶቹን መሃል መዝለላችን ነው፤ ጫፉን አኝኮ አለስልሶ ጀርባውንም ማዳረስ ያስፈልጋል። የጠጠረውን ግን ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም፤ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ግድ ነው።

ባለሙያውንም አልምረውም። ጉጠት ማንሳት ደቂቃዎች ይበቁታል፣ ታካሚውም «ንቀሉልኝ» ብሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ይነቀልለታል፤ ከጎኑ ያለው ጥርስ በዚያው ጠጠር ውስጥ ተትቶ ተራውን ይጠብቃል። ሥሩ ምንም የሚይዘው አጥንት ያጣ፣ ሲጫኑት ወደ ታች የሚሰምጥ ጥርስ መነቀል አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ድዱን ሳይመረምር፣ የቀሩትን ሳያጸዳ፣ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነም ሳይጠይቅ የሚነቅል ሐኪም ሥራውን ገና አልጀመረም። ሲጋራ ድዱን ይጎዳል፤ መድማቱንም ስለሚቀንሰው በሽታውን ይሸሽጋል።

የስኳር በሽታም እንዲሁ ይታለፋል። ስኳሩ ካልተቆጣጠሩት ድዱን ያባብሳል፤ የታመመው ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። አንዳንዱ ሰው ስኳር እንዳለበት ያወቀው ጥርሱ ተነቃንቆ ነው። እንግዲያው ብዙ ጥርሱ አንድ ላይ የላላበት ጎልማሳ ከመንቀያው ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ደሙ ይመርመር። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከሌሎች ጥያቄዎቻቸው ጋር «ሲፍቁ ድድዎ ይደማል?» ብለው ይጠይቁ። አዎ ያለው ሰው ጥርሱ ገና ጠንካራ ሳለ ይላክ።