ያለቀ ሹራብ አይጣልም፤ አሻንጉሊት ይሆናል



ውድ እህቶች! ክርኑ የተቀደደ፣ እጅጌው ያጠረ፣ ታላቅም ታናሽም ተራ በተራ ለብሰው የጨረሱት ሹራብ በየቤታችን አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ዕጣው ወለል መወልወያ መሆን ነው። በዚህ ወር የቤት ሙያ ዓምዳችን እንዲህ ያለውን ሹራብ ወደ አሻንጉሊትና ወደ እንስሳት መጫወቻ ስለመለወጥ እንነጋገራለን። ስንጽፍ በተለይ ያሰብናቸው በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚኖሩ እናቶችን ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንገልጻለን።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። አንዳንድ እናቶች «ምስል ነውና አይፈቀድም» በማለት አሻንጉሊት ከልጃቸው እጅ ነጥቀው ይጥላሉ። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እናትም ልቧ አያርፍም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነቷ በአሻንጉሊት ትጫወት ነበር። ጓደኞቿ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲገቡ እያፈሩ ይደበቁ ስለነበር እርሳቸው ራሳቸው ወደ እርሷ ይልኳቸው ነበር። አቡ ዳውድ ደግሞ ከመጫወቻዎቿ መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበረና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ፈረሱ በሰጠቻቸው መልስ እንደሳቁ ዘግበዋል። በዚህም የተነሣ አብዛኞቹ ዑለማእ የልጆችን መጫወቻ ከተከለከለው ምስል ለይተው ፈቅደዋል። ጠንቀቅ የሚሉ መኖራቸውንም አንሰውርም። የእነርሱን አስተያየት መከተል ለምትሻ እህት መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዓይንና አፍ የሌላት አሻንጉሊት መሥራት ትችላለች። ልጆች እንደሆኑ የጎደለውን በሐሳባቸው ይሞሉታል።

ለዛሬው ርዕሳችን ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ.) ዘገባ ነው። በዓሹራእ ቀን ትንንሽ ልጆቻቸውን ሲያስፆሙ ከበግ ፀጉር መጫወቻ ይሠሩላቸው እንደነበር፣ ልጁ ምግብ ፈልጎ ሲያለቅስም እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት እንዲያቆየው መጫወቻውን ይሰጡት እንደነበር ነግራናለች። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። እንግዲህ የመዲና እናቶች እጅ ልጅን ለማባበል ያነሣው ሱፍን ነበር። ሱፍ ስንል የበግ ፀጉሩን እንጂ ለፍትፍት የሚወቀጠውን ማለታችን እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው!

ወደ ጎጃም ስንመጣ የራሳችን መጫወቻ አላጣንም። ቡሬና አካባቢው የበቆሎ አገር ነው፤ የገጠር ልጃገረድ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልላ፣ የበቆሎውን ፀጉር ጠጉር አድርጋ ታዝላለች። ወንዱም አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ይሠራል። የካልሲ ኳስ ከሹራብ አሻንጉሊት በምን ይለያል? ሁለቱም ያለቀ ልብስ ነው፤ ልዩነቱ መርፌው ብቻ ነው። የጎደለው የበግ ፀጉር ነው። የጎጃሙ ዋሸራ በግ በሥጋውና በሰፊ ላቱ የታወቀ ቢሆንም ፀጉሩ አጭር ነው፤ አይሸለትም፣ አይፈተልም። ባና የሚሠራበት ፀጉር ያለው እንደ መንዝ ባለው ደጋ ያለ በግ ነው። ስለዚህ ለምዕራብ ጎጃም እናት የሱፍ ምንጯ ሌላ አይደለም፤ ከሰልባጅ ተራ ተገዝቶ በቤት ውስጥ ያለቀው ሹራብ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። ከቤት የዋለ፣ ከደጅ እንዳይወጣ የተከለከለ ልጅ እጁን የሚያውልበት ነገር ይፈልጋል። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ መስፋት ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሹራቡ ከምን እንደተሠራ መለየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሹራብ፣ በተለይም የተማሪ ሹራብ፣ የሱፍ መስሎ የፕላስቲክ ዘር የሆነ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና ልጆችን አርቃችሁ በሸክላ ሰሐን ላይ በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ እሳቱ ቶሎ ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ክፉኛ ያቃጥላልና በእጅ ይዞ መሞከር አይገባም።

ሱፉን ያገኘች እህት ዕድለኛ ናት። የበግ ፀጉር በዓይን የማይታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር በላዩ ላይ አለው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና አይላቀቅም። ሌላ ጊዜ «ሹራቤ ተበላሸብኝ፣ ገባብኝ» ብለን የምናዝንበት ጉዳይ እዚህ የምንፈልገው ነው። እጅ የሚችለውን ያህል ሙቅ በሆነ ውሃ በሳሙና በደንብ እሹት፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ እንደገና ወደ ሙቁ መልሱት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲደጋገም ሹራቡ ይኮማተራል፣ ይወፍራል፣ ዓይን ዓይኑ መታየቱ ይቀራል። ያን ጊዜ በመቀስ ቢቆረጥ አይተረተርም። ሙቁ ውሃ ሰልባጁ ይዞት የመጣውን ብልም ያስወግዳል። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሱፍ ግን ቢታሽም አይኮማተርም፤ እንቢ ካለ አትድከሙበት።

ሰው ሠራሹም ቢሆን አይጣልም፤ አሠራሩ ብቻ ይለያል። ቀድሞ ከተቆረጠ ይተረተራል። ስለዚህ ሹራቡን ገልብጣችሁ ሁለት እጥፍ አድርጉና ቅርጹን በጠመኔ ሣሉበት፤ መሙያ ቀዳዳ ትታችሁ በሥዕሉ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ ስፉት፤ መቀሱ ከዚያ በኋላ ከስፌቱ ውጪ ይሂድ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀች ሴት ከሱፉ ያላነሰ ነገር ታገኛለች።

ለጀማሪ የምንመርጠው እጅጌውን ነው፤ ሲፈጥረው ቱቦ ነውና ግማሹ ስፌት አልቆለታል። አንዱን ጫፍ ሰፍታችሁ ሙሉት፣ ከላይ ሲሶው ላይ በክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ራስና አካል ወጣ ማለት ነው። የእጅጌው ጫፍ፣ ያ የሚለጠጠው፣ ለአሻንጉሊቷ ቆብ ይሆናል። በግ መሥራት የፈለገች ቡናማ ሹራብ ትምረጥ፤ የዋሸራ በግ መልክ ነው። አራቱን እግሮች ጠባብ ጥቅል አድርጋችሁ ስፉ፤ ላቱን ግን ለብቻው ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ቀጥሉለት፤ ያለ ላት የጎጃም ልጅ በግ ነው ብሎ አይቀበለውም።

መሙያው ባዘቶ ወይም በደቃቁ የተከተፈ የዚያው ሹራብ ቁራጭ ይሁን። ገለባና እህል አይጥና ነቀዝ ይጠራል። ዓይን በክር ይጠለፍ እንጂ ቁልፍ ወይም ዶቃ አይሰፋ፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነቅሎ ሲውጠው ሊታነቅ ይችላል። ስፌቱን ከጨረሳችሁ በኋላ በኃይል ሳቡት፤ የሚላቀቅ ከሆነ በእናት እጅ ይላቀቅ።

«ሠርተን ብንሸጠውስ?» ለሚሉ እህቶች በእኛ አስተያየት አንድ አሻንጉሊት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይወስዳል፤ ገበያ ላይ የሚጠብቀው የፋብሪካ ፕላስቲክ ደግሞ ዋጋው ርካሽ ነው። የድካሙን ዋጋ ሳያሰሉ ብድር ወስዶ መጀመርን አንመክርም። ለጎረቤት አራስ፣ ለአቂቃ ስጦታ ይዞ መሄድ ግን ያምራል።

ሲቆሽሽ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ። በጎጃም ክረምት ግን በባዘቶ የተሞላ አሻንጉሊት ለቀናት ሳይደርቅ ቆይቶ ይሻግታልና የሆዱን ስፌት ፍቱ፣ ባዘቶውን አውጡ፣ ቆዳውን ለብቻው እጠቡት፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሳችሁ ትሞሉታላችሁ።