«ልጄ፣ ልታፈርሱት ነው?»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሆሳዕና ውስጥ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በእርሳስ እየሣልኩ ነበር። በረንዳው ጣውላ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፤ ከጎኑ ያለው እንሰት ቅጠሉን ጣሪያው ላይ ጥሏል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የቤቱ ባለቤት ወጡ። ደብተሬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዞረው ቤታቸውን አዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ልታፈርሱት ነው?» አሉኝ።

አይፈረድባቸውም። የኮሪደር ልማት የሚባለው ነገር ወደ ክልል ከተሞች ከወረደ ወዲህ ቤት ፊት ሆኖ ወረቀት ላይ የሚጭር ሰው ለነዋሪው ትርጉሙ አንድ ነው። ሥዕሉን ሳሳያቸው ሳቁ። «ታዲያ ይሄ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እስኪ ዛሬ እዚህ ልሞክር።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መጻፍ ራሱ ቅንጦት ይመስላል። እዚህ ብዙ ልጅ አሥረኛ ክፍል ሳይጨርስ ልቡ ደቡብ አፍሪካ ይገባል። በከተማው ከምታዩት ፎቅ ስንቱ ጆሃንስበርግ ወይም ደርባን ሱቅ ውስጥ በሚሠራ ወንድም ገንዘብ እንደቆመ ሁላችንም እናውቃለን። መሰደድ ኃጢአት ነው ልል አይደለም፤ እኔም ቤተሰቤ ከተላከ ብር በልቷል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዓይኑን ሁልጊዜ ሩቅ የሚያኖር ትውልድ ያለበትን ቦታ አያየውም። ያላየውን ደግሞ ሲፈርስም፣ ሲቆረጥም፣ ሲሸጥም ልብ አይለውም።

«ሥዕል የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። ይህ ሰው በሀላባ ቁሊቶ መንገድ ሲያልፍ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። የሀላባ ጎጆዎች ግድግዳቸው ላይ በተሣለው ጌጥ የታወቁ ናቸው፤ መንገደኛ መኪና አስቁሞ ያያቸዋል። በእኛም በኩል ቢሆን በልጅነቴ ያያት ቤት አለ። መስከረም መጥቶ ያሆዴ ሲቃረብ፣ ከምባታዎች ጋ ደግሞ መሳላ ሲደርስ፣ ቤት ይጠረጋል፣ ግድግዳ ይለሰናል። አያቴ በቀይ አፈርና በከሰል መስመር ታሰምር ነበር። «ሠዓሊ» ብሎ የጠራት ሰው የለም። እሷም በዓል አደመቅኩ እንጂ ሥዕል ሣልኩ ብላ አታውቅም። ዛሬ ያ ግድግዳ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ሲሚንቶው ላይ የእግር ኳስ ክለብ ፖስተር ተለጥፏል። (ክለቡን አልናገርም፤ ጠብ አልፈልግም።)

አገራችን የሥዕል ትምህርት የላትም አይባልም። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል። ከዚያ ቤት ጋር ስሙ የሚነሳው ታደሰ መስፍን የገበያ ሴቶቻችንን፣ ጉልት ላይ ተቀምጠው የሚሸጡትን እናቶች፣ እንደ ንግሥት አግዝፎ ይሥላቸዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት ሥራውን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር። ደስ ይላል። ግን ወሬው ሁሉ ስለ ታላላቆቹ ሲሆን አንድ የዱራሜ ልጅ «ሥዕል ማለት ተሰጥኦ ላለው ነው» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ሰፈር ውስጥ ኳስ ለመጫወት ብሔራዊ ቡድን መግባት አያስፈልግም፤ በሥዕል ላይ ሲሆን ይህን እንረሳለን።

በሙያ አጋሬ የሆነ ሰው ልጥቀስ። ጋብርኤል ካምፓናሪዮ የሚባል ስፔናዊ ጋዜጠኛ አሜሪካ ሲያትል ሲኖር በ2007 እ.ኤ.አ. ከተማቸውን በቦታው ተገኝተው የሚሥሉ ሰዎችን ማሰባሰብ ጀመረ። ዋናው ሕጋቸው ቀላል ነው፦ ከፎቶ ሳይሆን ያለህበት ቦታ ላይ ሆነህ ያየኸውን ሣል። ዛሬ በብዙ አገር ከተሞች ተከታይ አላቸው።

እኔ ይህን ሕግ የሞከርኩት በእንሰት ነው። እንሰት ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ስለ እንሰት ዜናም ጽፌያለሁ። ልሥል ስቀመጥ ግን ቅጠሉ ከግንዱ እንዴት እንደሚወጣ እንደማላውቅ ገባኝ። አንዱ ሌላውን አቅፎ ነው የሚወጣው፤ ግንድ የምንለው ራሱ የተቃቀፈ የቅጠል እግር ነው። ንፋስ ቅጠሉን ሲቀደው ቀዳዳው የደም ሥሩን ተከትሎ ይሄዳል። የመሃል አጥንቱ ቀለም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይለያያል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው እንደ ቡና ፍሬ የቀላ። ይህን ቀለም ሳሳይ አንዲት ጎረቤት ደንግጠው «አሁን ገና አየኸው?» አሉኝ። ለካ እናቶቻችን ይሄኛው ለቡላ ይሆናል፣ ያኛው በሽታ ይችላል እያሉ ዓይነቱን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ኖሯል። ስንት ዓመት ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ እርሳስ ጠየቀልኝ።

«ስልክህ ካሜራ የለውም?» ለምትሉኝ፦ አለው፤ ውስጡ ከ4,000 በላይ ፎቶ አለ፤ አብዛኛውን የት እንዳነሳሁት አላስታውስም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከጻፉት ቃል ይልቅ የሣሉትን አብልጠው እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነው። ፎቶ አንስተህ ትሄዳለህ፤ ስትሥል ትቆያለህ፤ ስትቆይ ሰው መጥቶ ያወራሃል።

ወጪው? ሠዓሊ ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ሥለው ስማቸው ዓለም ዞሯል። እኛ ደብተርና ቢክ አናጣም። ቀለም ለሚፈልግ ቡና አለ፤ አቦሉ ለጥላው፣ ቶናው ለግድግዳው፣ በረካው ለሰማዩ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ሞክሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና ዕይታ ጥበባት የሚል ትምህርት አለው። በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች ግን ክፍለ ጊዜው የሚሰጠው ትርፍ ሰዓት ላለው መምህር ነው፤ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ለሒሳብ ይወሰዳል። የወጣት ማዕከላቱም ፑልና ዲኤስቲቪ አላቸው። በሳምንት አንድ ከሰዓት አንድ ጠረጴዛ ለሥዕል ቢለቀቅ በጀት አይጠይቅም። ከተማ አስተዳደሮችም መንገድ ሊያሰፉ ሲነሱ፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ተማሪዎችን ደብተር አስይዘው ያንን ሰፈር ያስሥሉት። ልማቱን አያዘገየውም። ሃምሳ ልጆች ግን የፈረሰው ምን እንደነበረ ያውቃሉ።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ቡና አፈሉልኝ። ቤቱን ከባለቤታቸው ጋር እንዴት እንደሠሩት፣ በሩ ድሮ በሌላ በኩል እንደነበር፣ በረንዳው የተጨመረው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ መሆኑን ነገሩኝ። ልጁ አሁን ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ። ስልካቸውን አውጥተው «በል ለእሱ ላክልኝ» አሉ። ሥዕሉን አንስቼ በኢሞ ላኩለት።

ማታ መለሰ። «የጓሮው አቮካዶ የት አለ?» ይላል።

ከጣሪያው ጀርባ ስለሆነ ከተቀመጥኩበት አልታየኝም ነበር። ቅዳሜ ተመልሼ በጓሮ በኩል እቀመጣለሁ።