ሥሩን ይዞ መቃብር

የድሮ መድኃኒት አዋቂ የቅጠሉንና የሥሩን ስም ለማንም ሳይናገር ይሞት ነበር። ቢበዛ ለሚወደው ልጁ ይነግራል፤ ልጁ ከቀደመው መድኃኒቱም አብሮ ይቀበራል። ይህን ልማድ «ኋላ ቀር» እያልን የምንተች ኮምፒዩተር የተማርን ሰዎች፣ ያንኑ ልማድ በቁልፍ ሰሌዳ ቀጥለንበታል ብል ማን ይቆጣኛል? የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው የምንጭ ኮድ ነው። ሌላው ከዚያ ተተርጉሞ ለመሣሪያው ብቻ የሚገባ የቁጥር ክምር ነው። ክምሩን ብቻ የተቀበለ ሰው ይገለገልበታል እንጂ አያርመውም፤ ዘመኑና መሣሪያው ሲለወጡም ይዞት አይሻገርም። ምንጩን የያዘ ግን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ያሻግረዋል፤ ቢያሻው በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ መልሶ ይጽፈዋል።

ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በኮቦል ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም፣ በጥቂት ለውጥ ብቻ፣ ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች በሠሯቸው በማይመሳሰሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ሠርቷል። ዩኒክስም እ.ኤ.አ. በ1973 በሲ ቋንቋ እንደገና ከተጻፈ በኋላ ነው ከተወለደበት መሣሪያ ወጥቶ ዓለምን የዞረው።

እስቲ ወደ ቤታችን እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች እንደ አሸን ፈሉ። የሠሪዎቹን ድካም አላንኳስስም፤ 256 ቦታ ብቻ ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ከዚያ የሚበልጠውን ፊደላችንን፣ ቁጥራችንንና ሥርዓተ ነጥባችንን ማስገባት የዋዛ ሥራ አልነበረም። ይሁንና ሁሉም ለየፊደሉ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ «ሰላም» ተብሎ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝባዝንኬ ሆነ። ፊደላችን የጋራ ቁጥር አግኝቶ፣ በ345 ምልክቶች፣ ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከዚያ የተጻፈውስ? አጎቴ በዚያ ዘመን የተየባቸው ድርሰቶች ፋይል ዛሬም ይከፈታል፤ የሚነበብ ቃል ግን የለውም። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ተዘግቷል፤ ምንጩንም ይዞት ሄዷል።

«ታዲያ ለፍተን የሠራነውን በነጻ እንበትን?» የሚሉኝ አሉ። በገዛ ገንዘቡ በሠራ ነጋዴ ላይ የማዘዝ መብት የለኝም። ግን ምንጭን መግለጥ ድህነት ነው ያለው ማነው? ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዚሁ ክፍት ሥራ ላይ ንግዱን ያቆመውን ሬድ ሃት የተባለ ኩባንያ ግን አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል።

የእኔ ጠብ ከነጋዴው ጋር አይደለም፤ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ ከሕዝብ ከሚደበቀው ጋር ነው። ተማሪው ለመመረቂያው የአማርኛ ፊደል ማረሚያ ይሠራል። ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ኮዱ ከላፕቶፑ ጋር ያረጃል። የሚቀጥለው ተማሪ ከ«ሀ» ይጀምራል። በአንጻሩ ማይክል ጋሰር የተባሉ የአሜሪካ ምሁር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚተነትነውን ሆርንሞርፎ የተሰኘ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፈው ምንጩን ለፈለገው ሁሉ ሰጥተዋል። ባዕዱ ሲሰጥ ባለቤቱ ይደብቃል? መድኃኒት አዋቂው እንኳ ሙያውን የተማረው በበሽተኛው ገንዘብ አልነበረም!

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኮዱ ያልተያያዘበት የመመረቂያ ጽሑፍ አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሲያሠራ ምንጩን በውል ይረከብ፤ ያለበለዚያ ሠሪው በጠፋ ማግስት ባዶ እጁን ይቀራል። ሦስተኛ፣ ኮዱ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ተሰፍቶ አይቅር፤ የአሠራሩ ስልት በግልጽ አማርኛ ይብራራ፤ ነገ በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፍ ወጣት እንዲወርሰው።

ይህን ለማድረግ ዕርዳታ ሰጪም፣ አዲስ ኮሚቴም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «የእኔ ብቻ» ማለትን መተው ነው። እሱ ነው የከበደን።