እንቅርትና የደም ስኳር

እንደ ሸሕዲና መተማ ባለ ቆላ ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ጥላ ሲፈልግ፣ አንዷ እናት «በረደኝ» ብላ ብትደራርብ ወባ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ መመርመርም ይገባል። ነገር ግን ወባ ሳይገኝ ብርዱ፣ ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱና የክብደት መጨመሩ ለወራት ከዘለቀ፣ ምክንያቱ የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) መድከም ሊሆን ይችላል።

በአገራችን እንቅርት ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የአዮዲን እጥረት ነው። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አውጥቷል። ሆኖም ሌላ ምክንያትም አለ። ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ኃይል አንዳንድ ጊዜ የራሱን ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ጃፓናዊው ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሕመም የዚህ ዓይነት ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ አዮዲን ያለበት ጨው መመገብም አያድነውም።

ይህ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው? ኢንሱሊን ከቆሽት እየመነጨ ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ የሚያስገባ ሆርሞን ነው። የእንቅርት ዕጢ ሲደክም ጡንቻ ለኢንሱሊን በሚገባ አይታዘዝም፤ ቆሽትም አብዝቶ ለማመንጨት ይገደዳል። ውፍረትና የዘር ዝንባሌ ሲታከሉበት ቆሽት ውሎ አድሮ ይዝላል፤ የደም ስኳርም ከፍ ይላል። የእንቅርት ሕመምተኛ ሁሉ የስኳር በሽተኛ ይሆናል ማለት ግን አይደለም።

አንገትዎን ልብ ብለው ይመልከቱ። ከፊት እብጠት ካለ የእንቅርት ምልክት ነው። ማጅራት ላይ ቆዳ ጠቁሮና ወፍሮ ሲታይ ደግሞ፣ ብዙዎች እድፍ መስሏቸው ቢፈትጉትም፣ ኢንሱሊን በሚገባ አለመሥራቱን ሊጠቁም ይችላል። ምንም ምልክት ላይታይም ስለሚችል የእንቅርት ሕመም የተገኘበት ሰው የደም ስኳሩንም እንዲመረምሩለት ሐኪሙን ይጠይቅ። ሳይበሉ የተወሰደ ደም ስኳሩ በተደጋጋሚ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው። የእንቅርቱ ምርመራ በአካባቢው ከሌለ ወደ ጎንደር ሪፈር ይጠይቁ።

የታዘዘው የእንቅርት ኪኒን የሚዋጠው በባዶ ሆድ በውሃ ነው፤ ሻይም ቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የሻዩን ስኳር መቀነስና በየቀኑ በእግር መሄድ ጡንቻ ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ ይረዳሉ። የረመዳን ጾም ሲቃረብ ኪኒኑ ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር እንዴት እንደሚስማማ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱም መጠኑን፣ አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ተሽሎኛል ብለው ኪኒኑን በራስዎ አያቋርጡ።