ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ያልተመዘገበው በሽተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሕክምናው መግባቱ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜአቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለሳንባ ነቀርሳ ለመለየት የደረት ራጅን በኮምፒውተር ማንበብ እንደሚቻል መክሯል። ሀገራችንም በ2012 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከል አቋቁማ፣ በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲውን በሚኒስትሮች ምክር ቤት አጽድቃለች። ምእመናንም “መሣሪያ በሽታን ካወቀ ሐኪሙስ? ጠበሉስ?” ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ ነው

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውም ይታወሳል። ስለዚህ ራጅን ፈጥኖ የሚያነብ መሣሪያ በራሱ ለእምነታችን ስጋት አይደለም። ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ መሣሪያ የሚያውቀው የማንን ሕመም ነው?

መሣሪያው የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚማረው ቀድሞ ከተመዘገበ መረጃ ነው። ያልተመዘገበውን አያውቅም፤ ይባስ ብሎም ዝምታን እንደ ጤንነት ሊቆጥር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በአሜሪካ የጤና ተቋማት ይሠራበት የነበረ አንድ ሥርዓት የበሽተኛውን ችግር የሚለካው ለሕክምናው በወጣው ገንዘብ ነበር። ለጥቁር ሕሙማን የሚወጣው ገንዘብ አነስተኛ ስለነበረ፣ እኩል ከታመሙት ነጮች ይልቅ ጤነኞች አድርጎ ቆጠራቸው። መሣሪያው ክፋት አላሰበም፤ ነገር ግን በሰዎች መካከል የነበረውን መድልዎ ቁጥር አልብሶ ደገመው።

ይህን ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ አምጥተን እንመልከተው። በበየዳ፣ በጃናሞራ ወይም በጠለምት ገደላ ገደል መካከል የምትኖር እናት ምጥ ሲጠናባት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ያወርዳታል። ሳትደርስ በመንገድ ብታርፍ ስሟ በየትኛውም ሆስፒታል መዝገብ ላይ አይገኝም። በመዝገቡ ብቻ የሚማር መሣሪያ እርሷን ከቶ አያውቃትም።

ጎንደር ይህን ችግር ቀድማ የተረዳች ከተማ ናት። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ሕሙሙ እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን ሕሙሙ ወዳለበት መሄድ ዓላማው ነበር። ዛሬም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረው የዳባት የጥናት ማእከል አማካኝነት በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። ለመሣሪያው ዕውቀት መሠረት የሚሆነው እንዲህ ያለ የሰው እግር የደረሰበት ሥራ ነው።

የኔትወርክን ነገርም አንርሳ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችን እናውቃለን። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ሐኪም በዚያን ጊዜ ዲዳ በሆነ ነበር።

የበሽተኛው ምሥጢር

ለንስሓ አባት የተነገረ ኃጢአት ምሥጢር ሆኖ እንደሚጠበቅ ልጅነታችንን ጀምሮ ተምረናል። ለሐኪም የተነገረ ሕመምም ክብር አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤናን መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ጋር መድቦታል። ስለዚህ የምርመራ ውጤታችንንና የቤተሰባችንን ሕመም ማን እንደሚያስቀምጠው ለማናውቀው የስልክ መተግበሪያ አሳልፈን ባንሰጥ መልካም ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ስልክ በሰጠን መልስ ተመርተን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አንጀምር፣ አናቋርጥም። መልሱ በአማርኛ አምሮ መቅረቡ ለእውነተኛነቱ ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በገጠር ያሉ አባቶቻችን ካህናት ማንም ኮምፒውተር የሌለው ዕውቀት አላቸው። ለጠበል ርጭት በየቤቱ ሲገቡ ማን እንደተኛ፣ የየትኛው ቤት ጢስ እንዳልወጣ ያያሉ። ከቤተሰቡ ፈቃድ ጋር ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢያመለክቱ፣ ያልተመዘገበው በሽተኛ ይታወቃል። የንስሓ ምሥጢር ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተርና ሕክምና የምትማሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ መሣሪያውን የምትሠሩት እናንተ ትሆናላችሁ። ስትሠሩ “በዚህ መዝገብ ያልተጻፈው ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያስተማረው እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ፍለጋ ሄደ። አንዱ መጥፋቱን ያወቀው በጎቹን በየአንዳንዱ ስለሚያውቃቸው ነው። መሣሪያው ዘጠና ዘጠኙን በማከም ቢረዳን ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ አንዱን ፍለጋ ወደ ገደሉ መውረድ ግን ምንጊዜም የእኛ ድርሻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።