«አንጎሉ አርጅቷል» ለሚሉ መምህራን

በሻይ ሰዓትም ሆነ ከማስተማር ልምምድ መልስ ደጋግመን የምንሰማው አነጋገር አለ። «የጎልማሶችን ክፍል ለሌላ ስጡልኝ፤ ያረጀ አንጎል ፊደል አይዝም» ይባላል። ቀድሞ እንዲህ የሚል ሰው «እንጨት የሚቃናው በእርጥቡ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ዛሬ ዛሬ ግን ሣይንስ መጥቀስ ተጀምሯል። «ሰው ሲያረጅ የአንጎሉ ግንደ ሕዋሳት ያልቃሉ እኮ፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይሉናል። ሣይንስን ከሥራ መሸሺያ ሲያደርጉት እያየን ዝም ማለት አልቻልንም።

ለመሆኑ ግንደ ሕዋስ ማለት ምንድን ነው? ራሱ ገና የተለየ ሥራ ሳይዝ፣ እየተከፈለ ባለሙያ ሕዋሳትን የሚያስገኝ ሕዋስ ነው። አንጎልን በተመለከተ ለብዙ ዘመን የታመነው፣ ሰው ካደገ በኋላ አዲስ የነርቭ ሕዋስ እንደማያፈራና ያለው እየረገፈ እንደሚሄድ ነበር። ይህን እምነት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ለሣይንሱ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ የነቀነቀው ጆሴፍ አልትማን ሲሆን፣ ባደጉ አይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት ማየቱን ጻፈ፤ ሰሚ ግን አላገኘም ማለት ይቻላል። በ1998 እነፒተር ኤሪክሰንና ፍሬድ ጌጅ በሰውም አንጎል፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው ለትውስታ ዋና በሆነው ክፍል፣ ይኸው መኖሩን አስታወቁ። በ2013 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች የአቶሚክ ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ የበተኑትን ካርቦን 14 እንደ ሰዓት ተጠቅመው፣ በአንድ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል አዳዲስ ሕዋሳት ይጨመራሉ ብለው አሰሉ። ያ ሁሉ የቦምብ ጭስ ለአንድ በጎ ነገር መዋሉ ይገርማል።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2018 አንዱ ቡድን ከልጅነት በኋላ አንድም አላየንም ሲል፣ ሌላው በዚያው ዓመት እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ድረስ አገኘን አለ። በ2025 የወጣ ጥናት ደግሞ እየተከፈሉ ያሉ እናት ሕዋሳትን እስከ 78 ዓመት ባሉ ሰዎች ውስጥ አሳየ። በአንዱ ሰው ብዙ፣ በሌላው ከናካቴው የሉም ለማለት የሚያስደፍር ጥቂት ሆነው ተገኙ። ስለዚህ «ያልቃሉ» ብሎ መፍረድ ቸኮል ማለት ነው።

እርጅና አይጎዳቸውም ወይ? ይጎዳቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። በአይጦች ላይ በግልጽ እንደታየው ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ የቀሩትም አብዛኞቹ ያንቀላፋሉ። አንቀላፉ እንጂ አልሞቱም። የሚያስተኛቸውም በከፊል በዙሪያቸው ያለው የእርጅና ብግነት ነው። በ2024 አን ብሩኔትና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት ደግሞ ያረጁት ግንደ ሕዋሳት ከወጣቶቹ እጥፍ ያህል ስኳር ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ፤ ስኳሩን የሚያስገባውን በር የሚሠራው ጂን ሲወገድ በአሮጌ አይጦች አንጎል ውስጥ እንደገና ነቅተው አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት ሠሩ። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል በግንዱ ላይ ተኝቶ የነበረው እምቡጥ ነቅቶ ያቆጠቁጣል። አንጎልን በመጥረቢያ አይጎነድሉትም እንጂ ነገሩ ይቀራረባል።

ከዚህ ተነሥቶ «ሩጡ፣ አንጎላችሁ ይበቅላል» የሚለውን ወሬ የሚነዙትንም አንደግፍም። አይጦች ሲሮጡ አዳዲስ ሕዋሳት መብዛታቸው በ1999 ታይቷል፤ ሰው ግን አይጥ አይደለም። ዋናው ነገር ሌላ ነው። አንድ ጎልማሳ «ሀ»ን ከ«ሐ» የሚለየው አዲስ ሕዋስ ስለተወለደለት ብቻ አይደለም። ትምህርት በአብዛኛው የሚካሄደው ባሉት ሕዋሳት መካከል ያለው ግንኙነት ሲጠነክርና ሲለወጥ ነው፤ ይህም በሽምግልና ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ግንደ ሕዋሳቱ ሁሉ ተኝተው ቢሆን እንኳ መምህሩ ቤቱ የሚሄድበት ምክንያት የለውም ማለት ነው።

ማስረጃ ከሩቅ መፈለግስ ለምን አስፈለገ? በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር። አያቶችም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ከዘመቻው በኋላ ብዙዎች የተማሩትን መርሳታቸው እውነት ነው። ጥፋቱን ግን በአንጎላቸው ከማላከክ በፊት በእጃቸው የሚነበብ ነገር ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና ተጨምሯል። ያኔ ካፊ ኖኖ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ አሁን የልጅ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ነው። እዚህ ደካ ውስጥ የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ አገላብጠው አንድ ቃል ማንበብ ያቃታቸው፣ ፊደል ግን የሚያውቁ አባትና እናት ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ፊደል እንማር ብለው ሲመጡ «አንጎልዎ አርጅቷል አባባ» ብሎ መመለስ ነውር ነው።

ዕጩ መምህራን ወገኖቻችን፣ ጎልማሳው ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ መጀመሪያ ሌላውን ነገር ተመልከቱ። በቡና ለቀማ ወቅት ቀኑን ሙሉ ሲለቅም የዋለ ሰው ማታ ቢደክመው ምን ያስደንቃል? ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት እየከበደ ይሄዳል፤ በደብዛዛ መብራት በጥቃቅን የተጻፈ ሰሌዳ ማን ያነባል? ብዙ ጊዜ አርጅቶ ያስቸገረው አንጎሉ ሳይሆን ዓይኑ ነው። ፊደሉን አግዝፎ መጻፍ፣ ያለፈውን ትምህርት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላም ደግሞ መጠየቅ፣ በልጆች ፊት አለማሳፈር፤ ይህ ሁሉ ጠመኔና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለተቋማችን መምህራንም አንድ ጥያቄ አለን። የማስተማር ልምምድ ነጥብ የሚሰጠው በሕፃናት ክፍል ለተሠራው ብቻ ከሆነ፣ ሠልጣኙ ከጎልማሶች ክፍል ቢሸሽ አይፈረድበትም። ከሚመጣው መንፈቅ ጀምሮ የማታው ክፍልም ይቆጠርልን።