የሽፍታው ታሪክና የአንባቢው ፍርድ

ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው ሲባል፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከደራሲው ጋር አንባቢውም ይታያል ማለት ነው። አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ በቀበሌ አዳራሽ ወይም በፋብሪካ ክበብ ለውይይት በቀረበ ቁጥር፣ የሚሰነዘረው ሂስ የተናጋሪውን ኑሮና ተስፋ ሳይገልጥ አይቀርም።

ለዚህ ከቋራው ካሣ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለእናቱ»ን ለአንባቢ ካቀረቡ ወዲህ፣ በዘመኑ መኳንንት አፍ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ ሲናቅ የነበረው ሽፍታ ይበልጥ በየቤቱ ገብቷል። አንባቢዎች በእርሱ ላይ የሚሰጡትን ፍርድ ስንመረምር በሦስት ወገን ተከፍሎ እናገኘዋለን።

አንደኛው ወገን፣ ካሣ በቆላው ሳለ ከዘረፈው ለገበሬው አካፈለ፣ ዶማ መግዣም ሰጠ የሚለውን የዜና መዋዕል ቃል ይዞ የድሆች አለኝታ ያደርገዋል። ሁለተኛው ወገን፣ የሰው ሀብት የቀማ ሁሉ ቀማኛ ነው ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ የነገሩን ፍጻሜ ብቻ ተመልክቶ፣ ከነገሠ ወዲያ የቀድሞ ሥራው ሁሉ ይሠረይለታል ይላል።

በእኛ አመለካከት ከሦስቱ ይልቅ አሳሳቢው ይህ የመጨረሻው ነው። ድል የመታ ሁሉ ትክክል ነው የሚል ፍርድ፣ ጠመንጃ ላነሣ ሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ የሚሰጥ ፍርድ ነውና። ቋንቋችን እንኳ ለዚህ ስሕተት ይመቻል፤ ካሣ «ሸፈተ» እንላለን፣ ቴዎድሮስ «ነገሡ» እንላለን። ሰውየው ግን አንድ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሽፍትነት ያለ ምክንያት አይበቅልም። በዘመነ መሳፍንት ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላውን የሚቀበለው ከባላገሩ ጎተራ ነበር። በሬው የተነዳበት፣ ርስቱን የተቀማ፣ አቤት የሚልበት ዳኛ ያጣ ሰው ጫካ ቢገባ ሥረ መሠረቱ ባላባታዊው ሥርዓት ራሱ ነበር። በዚህ ረገድ አንደኛው ወገን እውነት አለው። ይሁንና ሽፍታውም አያርስም፤ አይነግድም። ዛሬ ቢያካፍልም ነገ ቀለቡን የሚያወጣው ከዚያው ገበሬና ከዚያው ሲራራ ነጋዴ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ፤ ወታደሩም በዘረፋ ፈንታ በደመወዝ እንዲኖር ሞከሩ። ሙከራው ታላቅ ነበር። ነገር ግን ዐመፅ በየአቅጣጫው ሲነሣ፣ ግብርም ሲጠፋ ሠራዊቱ ወደ ጥንቱ ልማድ ተመለሰ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በራሳቸው ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጠለች፤ በጌምድርም ተራቆተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ከጎናቸው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። የመጨረሻውን ጀግንነት የሚያደንቅ አንባቢ ይህን ገጽ ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

ለይፋት ቆላ አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በነገሡ በዓመቱ ሳይሞላ ሠራዊታቸው ከወሎ ወደ ሸዋ ዘለቀ። በ1848 ዓ.ም. ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ተማርከው ተወሰዱ። የነገሥታቱን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ የሁለቱንም ወገን ጦር የቀለበውን ገበሬ ስም ግን የጻፈልን የለም።

ይፋት ከጥንት ጀምሮ የመንገድ አገር ነው። የአፋር አሞሌ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኘው መንገድ በሸዋ ሮቢት ያልፋል። መንገድ በታጠቀ ሰው ሲዘጋ የሮቢት ሽንኩርት በማሳው ይበሰብሳል፤ የቀን ሠራተኛውም ጦሙን ያድራል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ዕዳውን የከፈለው ማን እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው አስረጂ አያሻውም።

ስለዚህ ስለ ሽፍታ የተጻፈ መጽሐፍ አይነበብ አንልም፤ እንዲያውም በየቤተ መጻሕፍቱ በኅብረት ይነበብ እንላለን። ለውይይት የምንሰበሰብ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ግን ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድመን ብናነሣ ይበጃል፤ ጀግናው ወደ ጫካ የገባው በምን በደል ነው? በጫካ ሳለ የቀለበው ማን ነው? ሥልጣን ሲይዝ ያ በደል ቀረ ወይስ እጅ ለወጠ?

በእነዚህ ጥያቄዎች መነጽር ያነበበ ወጣት የካሣን ብርታት ሳይንቅ የካሣን መንገድ ከመመኘት ይድናል። በሬውን ለተነዳ ገበሬ ዳኛ የሚገኝበት አገር ሽፍታ አያስፈልገውም፤ የአንባቢውም ክርክር ከጀግናው ጎራዴ ወደዚህ ጉዳይ እንዲያተኩር እናሳስባለን።